ሥራ ማቆም ወይስ ሌላ መንገድ? ለጅማ የጤና ባለሙያዎች የንጽጽር መመሪያ

የዱቲ (ከመደበኛው ሰዓት ውጭ የሚሠራ የተረኝነት ሥራ) ክፍያ ለወራት ሲጓተት፣ አበል በወረቀት ላይ ብቻ ሲቀር፣ የደመወዝ ጥያቄ መልስ ሲያጣ፣ የሻይ ሰዓት ወሬ ቶሎ ብሎ አንድ ቦታ ያርፋል፦ እናቁም ወይስ አናቁም? በሁለቱ መካከል ግን ሌሎች መንገዶች አሉ። አንዳንዶቹ ከአድማ ቀድመው ገንዘብ ያስገኛሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ለስላሳ ይመስሉና ከአድማ ያልተናነሰ ያስቀጣሉ። እያንዳንዱን ከመመዘናችን በፊት ሁለት ነገር መለየት አለበት፦ የጥያቄው ዓይነትና የቀጣሪው ማንነት።

## ሁለት ጥያቄ በአንድ ደብዳቤ አይጻፍም

«የሚገባኝ አልተከፈለኝም» እና «የሚከፈለኝ አይበቃኝም» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው የመብት ጥያቄ ነው። ዱቲው ተሠርቷል፣ ፊርማው አለ፣ የክፍያ መመሪያው አለ፤ የቀረው ማስፈጸም ነው። ሁለተኛው የጥቅም ጥያቄ ነው። የደመወዝ እርከን የሚያሻሽለው የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር ወይም የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት አይደለም፤ ውሳኔው ያለው አዲስ አበባ ነው።

ስለዚህ ላልተከፈለ ዱቲ ሥራ ማቆም በወረቀት የሚገኘውን ነገር በሥራ ዋስትና መግዛት ነው። ለደመወዝ እርከን አንድ ዋርድ ወይም አንድ ጤና ጣቢያ ብቻውን ሲያቆም ደግሞ የሚጨነቀው መልሱ በእጁ የሌለ አለቃ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ የሚሆነው የታወቀ ነው፦ አለቃው «ደመወዙ ከእኔ በላይ ነው» ይልና ራሱ ሊፈታው የሚችለውን የዱቲ ጉዳይም አብሮ ወደ ላይ ይገፋዋል።

## ቀጣሪዎ ማነው?

በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ዋርድ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች በተለያየ ሕግ ይተዳደራሉ።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሠራተኛ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተጠሪነቱ ለትምህርት ሚኒስቴር ስለሆነ የማዕከሉን የዱቲ በጀት ጥያቄ ለጤና ሚኒስቴር ብቻ መላክ የተሳሳተ በር ማንኳኳት ነው። የሸነን ጊቤ ሆስፒታልና የከተማው ጤና ጣቢያዎች ሠራተኞች ደግሞ በኦሮሚያ ክልል የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ሥር ናቸው፤ ለእነዚህ መሥሪያ ቤቶች የሚገባ ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ ቢጻፍ ሳይጉላላ ይታያል። የግል ክሊኒክ፣ የግል ሆስፒታልና መድኃኒት ቤት ተቀጣሪ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይዳኛል። የሕክምና መምህራን የመምህርነት ውላቸው የሚታየው በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ነው።

የሚዘነጋው ኢንተርን፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ በልምምድ ላይ ያለ የሕክምና ተማሪ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዋርድ ይዞ ቢያድርም በሕግ ፊት በመጀመሪያ ተማሪ ነው፤ ሥራ ሲያቆም የሚጠብቀው የዲሲፕሊን ደብዳቤ ሳይሆን አካዴሚያዊ ውሳኔ፣ የልምምድ ወር መድገም ወይም የምረቃ መዘግየት ነው። ሬዚደንት (ለስፔሻሊስትነት እየሠለጠነ ያለ ሐኪም) ደግሞ ሁለት ጌታ አለው፦ የሚያስተምረው ዩኒቨርሲቲና ስፖንሰር ያደረገው መሥሪያ ቤት። የፈረመው የአገልግሎት ግዴታ ውል ከአድማው በኋላም ይከተለዋል።

## መመዘኛዎቹ

እያንዳንዱን መንገድ በአምስት ነገር እንመዝነዋለን፦ ሕጉ ምን ይላል፣ በሽተኛ ላይ ምን ያደርሳል፣ ደመወዝንና ሥራን ምን ያህል ያጋልጣል፣ ምን ያህል ጊዜና ገንዘብ ይወስዳል፣ የትኛውን ዓይነት ጥያቄ ይፈታል። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል።

## 1. የጽሑፍ ቅሬታ

ሰው የሚንቀው መንገድ ነው፤ በትክክል ከተሠራ ግን ላልተከፈለ ዱቲ ከሁሉ የተሻለው ነው። «በተደጋጋሚ ጠይቀን መልስ አላገኘንም» የሚል ደብዳቤ ጥርስ የለውም። ጥርስ ያለው ደብዳቤ የሚከተሉትን ይይዛል፦ ወሩን፣ የዱቲውን ቀንና ሰዓት በዝርዝር፣ በሰዓት የሚከፈለውን ተመንና የወጣበትን መመሪያ፣ ጠቅላላ ድምሩን፣ መልስ የሚጠበቅበትን ቀን። አባሪው የጸደቀው የዱቲ ፕሮግራም ኮፒና የመገኘት ፊርማው ነው። ኦሪጅናል ወረቀት ለማንም አይሰጥም።

ደብዳቤው በመዝገብ ቤት በኩል ይግባ፤ በእጅዎ የሚቀረው ኮፒ ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ይረፍበት። በዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ በእጅ የተቀመጠ ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። በቃል የተሰጠ ተስፋም እንዲሁ ነው፤ ከስብሰባ ሲወጡ «ዛሬ በተነጋገርነው መሠረት…» ብሎ በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ቅሬታው በአንድ ሰው ስም ይሁን ወይስ በጋራ? ለመብት ጥያቄ ሁለቱም። የጋራው ደብዳቤ ክብደት ይሰጣል፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን የሚጠየቀው «የእርስዎ ስንት ነው?» ስለሆነ የየግሉ ሰንጠረዥ አብሮ መኖር አለበት።

## 2. ክስ

ለግል ተቋም ሠራተኛ ጠንካራው መሣሪያ ይህ ነው። የሥራ ክርክር ከዳኝነት ክፍያ ነጻ ነው፤ አዋጁም ጉዳዩ ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወሰን ያዛል፤ በተግባር ቀጠሮ ሊረዝም ይችላል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በማስረጃ ሳይሆን በቀን መቁጠሪያ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ፣ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ደግሞ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ዓመቱ ሲያልቅ አንድ ላይ እጠይቃለሁ» ያለ ሰው ግማሹን አጥቶ ይጀምራል።

የትርፍ ሰዓት ስሌቱ ይህን ይመስላል። ወርኃዊ ደመወዝ 12,480 ብር ቢሆንና ሳምንቱ በ48 ሰዓት ቢታሰብ ወሩ 208 ሰዓት ይሆናል፤ ሰዓቱ 60 ብር ማለት ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ተባዝቶ 90 ብር፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ 105 ብር፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2 ተባዝቶ 120 ብር፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ 150 ብር ይከፈላል። ዕንቁጣጣሽ ሌሊት ዋርድ ያደረ ሰው ደመወዙ ላይ የ90 ብሩ ተመን ከታየ ስሌቱ ስህተት ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ መንገዱ ይለያል፦ መጀመሪያ የተቋሙ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ፣ ከዚያ የአስተዳደር ፍርድ ቤት። ኮሚቴውን ሳይረግጡ መሄድ መዝገቡን ያስመልሳል። የትርፍ ሰዓት ተመኑም ለብቻው በወጣ መመሪያ እንጂ ከላይ ባለው ስሌት አይሠራም። የጠበቃ ወጪ ለሚከብደው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

## 3. ማኅበርና አቤቱታ

የሙያ ማኅበርና የሠራተኛ ማኅበር አንድ አይደሉም። የሙያ ማኅበራት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይመዘገባሉ፤ መወትወት፣ መግለጫ ማውጣትና ከሚኒስቴር ጋር መነጋገር ይችላሉ፤ የኅብረት ስምምነት (ሠራተኞች በጋራ ከአሠሪው ጋር የሚያደርጉት የሥራ ውል) መደራደር ግን አይችሉም። የሠራተኛ ማኅበር የሚደራደር ሲሆን 10 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ባለበት የግል ተቋም ሊመሠረት ይችላል። በማኅበር አባል መሆንም ሆነ ቅሬታ ማቅረብ በአዋጅ 1156 ለስንብት በቂ ምክንያት አይደለም። ከፍ ላለው የእርከን ጥያቄ ማኅበሩ ዘገምተኛ ቢሆንም ዘላቂው መንገድ እሱ ነው።

ለጋራ አቤቱታ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የፈራሚዎች ዝርዝር በቴሌግራም ቡድን ውስጥ አይዘዋወር። ፊርማው በወረቀት ይሰብሰብ፣ አንድ ኮፒ ብቻ ይኑር፣ ማን እንደያዘው ይታወቅ።

## 4. ከሥራ ሰዓት ውጭ ሰላማዊ ሰልፍ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ይፈቅዳል፤ ሥርዓቱን ያስቀመጠው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው። ከ48 ሰዓት በፊት ዓላማውን፣ ቦታውን፣ ቀንና ሰዓቱን የያዘ የጽሑፍ ማስታወቂያ ለከተማው አስተዳደር ይገባል። ሕጉ የሚጠይቀው ማሳወቅን ነው፤ በተግባር ግን እንደ ፈቃድ ስለሚታይ የገቢ ማኅተሙ ያለበት ኮፒ በአስተባባሪው ኪስ ይሁን።

ብዙዎች የሚስቱት ቦታውን ነው። ይኸው አዋጅ ከሆስፒታል፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ በ100 ሜትር ክልል ውስጥ፣ በገበያ ቀን ደግሞ ገበያ ቦታ ላይ ሰልፍ ይከለክላል። ነጭ ጋዋን ለብሶ ሆስፒታሉ በር ላይ መቆም ፎቶው ቢያምርም ሕገወጥ ነው፤ ሐሙስ ገበያ አካባቢ መሰብሰብም እንዲሁ። ዱቲ ላይ ያለ ሰው በሰልፉ ከተገኘ ጉዳዩ ሰልፍ መሆኑ ቀርቶ ሥራ ጥሎ መሄድ ይሆናል።

ጥቁር ሪባን አስሮ መሥራት ከዚህም ይቀላል። በሽተኛ አይጎዳም፣ ደመወዝ አይቆረጥም። ብቻውን ግን ገንዘብ አያስከፍልም።

## 5. ዱቲ ያለመግባት፣ ሥራ ማዘግየት፣ የጅምላ ሕመም ፈቃድ

ሦስቱ አንድ ላይ የተቀመጡት ሁሉም «አድማ አይደለም» እየተባሉ ስለሚጀመሩ ነው። አዋጅ 1156 የሥራ ማቆምን ሲተረጉም በኅብረት ሥራን ማዘግየትንም ይጨምራል። በቀን 40 ካርድ የሚያየው ተመላላሽ ክፍል በስምምነት ወደ 10 ቢወርድ በሕግ ዓይን አድማ ነው፤ በሽተኛውም የሚያየው ሰልፍ ብቻ ስለሆነ ጥያቄው አይገባውም። የጅምላ ሕመም ፈቃድ ከሁሉም የከፋው ነው፤ በአድማው ላይ ሐሰተኛ ሰነድ ይጨምራል፣ የፈረመውን ሐኪም ፈቃድም አደጋ ላይ ይጥላል።

ያልተከፈለ ዱቲ ላለመግባት የወሰነ ሰው የጸደቀ ፕሮግራም ላይ ስሙ ካለ በኋላ መቅረት የለበትም። የሚሻለው የቀጣዩ ወር ፕሮግራም ከመውጣቱ በፊት «ያለፈው ሳይከፈል ስሜ እንዳይመደብ» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ በክፍያው ፈንታ ምትክ ዕረፍት መጠየቅም ይችላል። ተቋሙ ከነደብዳቤው ቢመድበው ይግባ፣ ይፈርም፣ ሰዓቱን ይመዝግብ። ያ ወረቀት በኋላ ማስረጃ ነው።

## 6. ሙሉ የሥራ ማቆም

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሥራ የማቆምን መብት ይጠቅሳል፤ የመብቱ ተጠቃሚ የሚሆኑት የመንግሥት ሠራተኞች በሕግ እንደሚወሰኑም ይናገራል። ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳንም አንቀጽ 8 ላይ መብቱን ያውቃል። ይሁንና የመንግሥት የጤና ባለሙያ በምን ሥርዓት አድማ መምታት እንደሚችል የሚደነግግ ዝርዝር ሕግ የለም። መንግሥት ክፍተቱን የሚያነበው እንደ ክልከላ ነው፦ በግንቦት 2017 በተለያዩ ክልሎች ባለሙያዎች ሥራ ሲያቆሙ ጤና ሚኒስቴር ድርጊቱን ሕገወጥ ብሎታል፣ ፖሊስም ባለሙያዎችን አስሯል።

ለግል ተቋም ነገሩ ግልጽ ነው። በኢንተርኔት የሚዞረው «የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ፣ ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ አብላጫው ከደገፈ ይቻላል» የሚለው ምክር ለሲሚንቶ ፋብሪካ ይሠራል፤ ለሆስፒታል፣ ለክሊኒክና ለመድኃኒት ቤት አይሠራም። አንቀጽ 137 እነዚህን አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ብሎ መድቧቸዋል፤ አንቀጽ 158 ደግሞ ከአድማ መብት አውጥቷቸዋል። በምትኩ የጋራ ክርክራቸው በአስማሚ፣ ካልሆነም በጊዜያዊ ወሳኝ ቦርድ ይታያል። በዓለም አቀፉ ሥራ ድርጅት አቋም አድማ የተከለከለበት ዘርፍ ፈጣንና ገለልተኛ የማስታረቂያ መንገድ ሊኖረው ይገባል፤ ለአቤቱታ የሚጠቅም ነጥብ ነው።

ወጪው ይታሰብ። ወርኃዊ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሰው በ10 ቀን 4,000 ብር ያጣል፤ የዱቲው ለብቻው ነው። ከዚያ የዲሲፕሊን ክስ፣ የመሥሪያ ቤት ቤት ውስጥ ለሚኖር የመልቀቅ ትዕዛዝ፣ ለሬዚደንት የስፖንሰር ደብዳቤ ሊመጣ ይችላል።

ይህን ሁሉ አውቆም ወደ አድማ የሚሄድ ይኖራል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ2012 በባንኮክ ያጸደቀው መግለጫ ለእንዲህ ያለው ጊዜ መለኪያ ይሰጣል (ዓመቱ በፈረንጆች ነው)፦ ሌላው መንገድ ሁሉ መሞከሩ፣ ድንገተኛና አስፈላጊ አገልግሎት አለመቋረጡ፣ ሕዝቡ አስቀድሞ ማወቁ። ሁለተኛው ነጥብ በቃል ብቻ ከቀረ ሰው ይገድላል።

ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ስለዚህ ማዋለጃ፣ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ሰመመን ሰጪና የደም ባንክ አንድ ሰንሰለት ናቸው፣ አንዱ ቢጎድል ሦስቱ ከንቱ ናቸው። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ምግብ ይሰጣል። የኩላሊት እጥበት ታካሚ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይመጣል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት 6 ወር ሳይቋረጥ ይወሰዳል፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ቀጠሮም አይዘለልም። የክትባት ማቀዝቀዣው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መሆኑ በቀን ሁለት ጊዜ መነበብ አለበት፤ ኦክስጅንም የሚከታተለው ሰው ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ በስም፣ በስልክ ቁጥርና በተተኪ የተጻፈ ምድብ ያስፈልጋቸዋል፤ «ሰው ይኖራል» ምድብ አይደለም።

ርክክብ ሳይደረግ ከዋርድ መውጣት በምንም ሁኔታ አይመከርም። በሽተኛው በዚያ ሰዓት ቢሞት ጥያቄው ከአድማ ወደ ወንጀል ይሻገራል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሙያ እርዳታ መንፈግን ይቀጣል። ከቦንጋ፣ ከሚዛን ወይም ከዳውሮ በሪፈር የመጣ ሰው እንደ ከተማው ነዋሪ «ነገ ተመለስ» አይባልም። ከክረምት በኋላ ባሉት የወባ ወራት ደግሞ የሕፃናት ክፍሉ በራሱ ጊዜ ሞልቷል።

## 7. መልቀቅ

የአንድ ወር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። ለግል ተቀጣሪ ቀላል ነው። ውል ለፈረመ ሬዚደንት ክሊራንስና የትምህርት ማስረጃው የሚያዝበት በር ይሄው ነው፤ ውሉ ሳይነበብ ማስፈራሪያ ባይደረግ ይሻላል።

## ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| መንገድ | ሕጉ | በሽተኛ ላይ | ለሥራ አደጋ | ጊዜ | የሚፈታው |
|---|---|---|---|---|---|
| የጽሑፍ ቅሬታ | ይፈቅዳል | የለም | ዝቅተኛ | ሳምንታት | ያልተከፈለ ገንዘብ |
| ክስ | ይፈቅዳል | የለም | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ወራት | ያልተከፈለ ገንዘብ፣ ስንብት |
| ማኅበርና አቤቱታ | ይፈቅዳል | የለም | ዝቅተኛ | ከወራት እስከ ዓመታት | እርከን፣ አበል |
| ሰልፍ፣ ሪባን | በሥርዓቱ ከሆነ ይፈቅዳል | የለም | መካከለኛ | ቀናት | ትኩረት ማግኘት |
| ማዘግየት፣ ሐሰተኛ ሕመም | አይፈቅድም | መካከለኛ | ከፍተኛ | ቀናት | ምንም ማለት ይቻላል |
| ሙሉ አድማ | ለግል ተቋም ክልክል፤ ለመንግሥት ሥርዓት የለውም | ከፍተኛ | በጣም ከፍተኛ | አይታወቅም | እርከን፣ በአገር ደረጃ ከሆነ ብቻ |
| መልቀቅ | ይፈቅዳል | መካከለኛ | ሥራው ራሱ | አንድ ወር | የግል ሕይወት |

## ለማን የትኛው?

የሦስት ወር ዱቲ ያልተከፈላት የጤና ጣቢያ ነርስ ከ1 ትጀምር፤ በደብዳቤው ላይ ያስቀመጠችው ቀን ካለፈ ወደ 2። ጠቅላላ ወጪዋ የኮፒና የታክሲ ነው። የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ በተለይ የጽሑፍ ውል ከሌለው፣ ዛሬውኑ የሠራባቸውን ሰዓታት መመዝገብ ይጀምር፤ የስድስት ወሩ ይርጋ እየሮጠበት ነው። ኢንተርን ብቻውን ምንም አይጀምር፤ በተማሪዎች ተወካይ በኩል የሚገባ የጋራ ደብዳቤና ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚደረግ ስብሰባ አቅሙን ይመጥናል። ሬዚደንት በመጀመሪያ ውሉን ያንብብ። ቤተሰብ የሚያስተዳድርና የሁለት ወር ወጪ ያልቆጠበ ሰው 6ን ከዝርዝሩ ቢያወጣው ጥሩ ነው፤ ጓደኞቹም ይህን እንደ ክህደት ባያዩት ደግ ነው። እርከን እንዲሻሻል የሚታገል ደግሞ 3ን ይዞ፣ 4ን አልፎ አልፎ እየጨመረ ይሂድ።

## ፖሊስ ቢመጣ

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደ ፍርድ ቤቱ የሚደረገው ጉዞ የሚወስደው ጊዜ አይቆጠርም። ያለመናገር፣ ጠበቃ የማማከርና በቤተሰብ የመጎብኘት መብት አለው። ስልክ ውስጥ የበሽተኛ ፎቶ ወይም የካርድ ምስል ካለ ጉዳዩ ወዲያው ይከብዳል፤ የዋርዱን ችግር ለማሳየት የታካሚ ፊት ፎቶ መለጠፍ ጥያቄው ፍትሐዊ ቢሆንም የሙያ ምሥጢር ጥሰት ነው። ቤተሰብ የተያዘበትን ሰዓት፣ ጣቢያውንና የወሰደውን ፖሊስ ክፍል ይመዝግብ፤ 48 ሰዓቱ ካለፈ ጅማ ባለው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ጽሕፈት ቤት ያመልክት፣ ለፍርድ ቤትም አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ያቅርብ። ለመሥሪያ ቤቱ ደግሞ ሰውየው የቀረው በመታሰሩ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ በዚያው ቀን በመዝገብ ቤት ይግባ፤ ይህ ካልሆነ የቀረባቸው ቀናት ያለ ምክንያት ከሥራ እንደመቅረት ይቆጠራሉ።